አትጠቢው የተባለው ጃኬት

ኬዮን፣ ቺሎዌ ደሴት
ማርች 4 ቀን 2001

ለተከበሩ አክስቴ ለዶኛ ኦቲሊያ

ከሁሉ አስቀድሞ ከዚህ ከዝናብ አገር የተላከው ሰላምታዬ ቺምቦቴ ድረስ ሳይረጥብ ይድረስዎ። እርስዎ የእናቴ የአክስት ልጅ ቢሆኑም እኔ የማይዎት እንደ እናት ነው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ሳልጽፍ መክረሜን በልጅነት ይለፉልኝ። አጎቴስ ዶን ግሪማልዶ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ከሽታዬ በቀር።

አይሳቁብኝ። ከአገራችን ወጥቼ ቺሊ ስገባ ሥራ አላጣም ብዬ ነበር፣ አላጣሁምም። የምሠራው መረብ ማጠቢያ ቤት ነው። ሳልሞን ዓሣ የሚያረቡበት መረብ ባሕር ውስጥ ወራት ከርሞ ሲወጣ ዛጎሉ፣ የባሕር ሣሩ፣ ዝቃጩ፣ የሞተ ዓሣ ቅባቱ ሁሉ ተጋግሮበት ነው። እኛ እንዘረጋዋለን፣ እንፍቀዋለን፣ በውሃ ግፊት እናጥበዋለን። መረቡ ይጠራል፣ እኛ እንገማለን።

የተከራየሁት ዶኛ ኦርፌሊና የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ቤት ነው። ደግ ናቸው፣ ምላሳቸው ግን አይጣል ነው። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ስመለስ ገና በሩን ሳልዘጋ «አንተ ልጅ፣ ምን ሞቶብህ ነው ተሸክመኸው የምትዞረው?» አሉኝ። አሁን ሳህኔን የሚያመጡልኝ ማገዶ ቤት ነው። ከድመታቸው ጋር እበላለሁ፤ እሷም ብትሆን ራቅ ብላ ነው የምትቀመጠው። ትናንት ደግሞ ቁርጡን ነገሩኝ። «ወይ ሽታው ይውጣ፣ ወይ አንተ ውጣ። እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ።» በዚህ ከተማ ሌላ ክፍል ለማግኘት ሞክሬ ነበር። የመረብ ቤት ሠራተኛ መሆኔን ሲሰሙ በሩን ከፍተው እንኳን አይጨርሱም።

ልብሴን በፈላ ውሃ ቀቀልኩት፣ ባሰ። የጽጌረዳ ሽታ ያለው የልብስ ማለስለሻ ገዝቼ ጨመርኩበት። አሁን ሠርግ የተጠራ የሞተ ዓሣ መስያለሁ። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ የዓሣ ዱቄት ፋብሪካ ሠራተኞችን ልብስ ሲያጥቡ ነው የኖሩት። እባክዎ ምን እንደማደርግ ይጻፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ
ኤልመር



ቺምቦቴ
ማርች 27 ቀን 2001

ለልጄ ለኤልመር

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጤና ይስጥህ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ ልብም ይስጥህ። ልብ ቢኖርህማ የዓሣ ልብስ በፈላ ውሃ አትቀቅልም ነበር። ያውም ቺምቦቴ ተወልደህ! የዓሣ ደምና ቅባት ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ይበስላል፤ ከበሰለ በኋላ ከክሩ ጋር ይጋባል፣ ፍቺ የለውም። ማለስለሻውስ ቢሆን? ሽቶ ሽታ አያወጣም፣ ይከድነዋል እንጂ። እንደ ሰም ይለብሰውና ከሥር ያለውን ይቆልፍብሃል።

እንዲህ አድርግ። ከሥራ እንደገባህ ልብሱን ጥግ አትወርውረው። ያኔውኑ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ። ከዚያ ገበሩ ወደ ውጭ እንዲሆን ገልብጠህ፣ ነጭ ኮምጣጤ ባፈሰስክበት ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈው። ኮምጣጤውን አትሰስት፤ ሳፋው ላይ ጎንበስ ስትል አፍንጫህን ቆንጠጥ ሊያደርግህ ይገባል። ይደር። ጠዋት ኮሌታውን፣ ብብቱንና የእጅጌውን ጫፍ በቤኪንግ ሶዳ እሸው፤ ሽታ የሚተኛው እዚያ ነው። ሳሙና የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ውሃው ጠቁሮ ከወጣ ኮምጣጤውን ቀይረህ ድገመው። በረኪና በነካው ዕቃ ውስጥ ግን ኮምጣጤ እንዳታፈስ፣ ጭሱ ሳንባ ይበላል። ስታሰጣው ፀሐይ ካለ ፀሐይ ላይ፣ ከሌለ ነፋስ ላይ። ምድጃ አጠገብ የሚያሰጣ ሰው አንዱን ሽታ በሌላ ለወጠ እንጂ አላጠበም።

ስለ አጎትህ ጠይቀሃል። ጉልበቱን ተሽሎት ነበር። በጃንዋሪ መጨረሻ ከባልደረቦቹ ጋር «ማሪሌና» በምትባለው ጀልባ ፔሪኮ ዓሣ ሊያጠምዱ ወጡ። ፔሪኮ ሩቅ ነው ያለው፤ ቢበዛ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። እስካሁን አልተመለሱም። ወደብ ላይ አንዳንዱ ሞተር ተበላሽቶባቸው ወደ ሰሜን ተንሳፍፈው ይሆናል ይላል። አንዳንዱ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ፍለጋው ቆሟል።

እህቱ ሜልቾራ ከተራራው አገር ወርዳ መጥታብኛለች። አንተ የባሕር ዳር ልጅ ስለሆንክ አታውቀው ይሆናል፤ በእነሱ ዘንድ ሰው ሲሞት በአምስተኛው ቀን ልብሱን በሙሉ ወንዝ ወርደው ያጥቡታል። የሚያጥበው ባዳ ነው። የቤት ሰው ካጠበ እንባው ውሃው ውስጥ ይገባና ነፍሱን ያስቀራታል ይላሉ። ልብሱ ጠረኑን ሲለቅ ነፍሱም ቤቱን ትለቃለች። ሜልቾራ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ «ልብሱን አውጪ» አለችኝ። «አምስቱን ቀን ከየትኛው ቀን ጀምሬ ልቁጠር?» አልኳት።

ሸሚዙን፣ ሱሪውን፣ ሁሉንም ወስዳ ታሳጥብ። አንድ ነገር ግን አልሰጣትም። አሮጌውን ጃኬት ታስታውሰዋለህ? የጀልባዋ ባለቤት ለዚህ ጉዞ ለሁሉም አዲስ ቢጫ የዝናብ ልብስ ስለሰጣቸው፣ አሮጌውን ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ዓሣ በሚገኝበት ወራት ጃኬቱን አያሳጥብም ነበር፤ ዕድሌ አብሮ ይታጠባል ባይ ነው። «አትጠቢው፣ ስመለስ እለብሰዋለሁ» ብሎኝ ወጣ። አላጠብኩትም። ይኸው ነው ነገሩ።

ቅዱስ ጴጥሮስ በባሕርም በየብስም ይጠብቅህ።

አክስትህ ኦቲሊያ



ኬዮን
ኤፕሪል 22 ቀን 2001

ለተከበሩ አክስቴ

ባሉበት ሰላም ይሁንልዎ። «እግዜር ያጽናዎ» ልል ብዕሬን አነሳሁና ተውኩት፤ ለቅሶ ሳይኖር እንዴት ይባላል? «እንኳን ደስ አለዎ» የምልበትን ቀን እጠብቃለሁ ብዬ ጻፍኩና ያንንም ሰረዝኩት። አጎቴ መዋኘት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ ከድንጋዩ ላይ ገፍትረውኝ ነው ያስተማሩኝ። ስለሳቸው ከዚህ በላይ መጻፍ አልሆነልኝም፣ ይቅር ይበሉኝ።

የአጠባው ነገር ሠርቷል። በመጀመሪያው ሌሊት የሳፋው ውሃ እንደ ቡና አተላ ጠቆረ። በሦስተኛው ጊዜ ድመቷ ልብሴ ላይ ተኛች። ዶኛ ኦርፌሊና «ማነው ያስተማረህ?» ሲሉኝ የእርስዎን ደብዳቤ አሳየኋቸው፤ ማንበብ ቢችሉም መነጽራቸው ስለተሰበረ ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። የአጠባውን ብቻ አነበብኩ። የቀረው የቤት ኀዘን ነው፣ የሰው ጆሮ ምን ያደርግለታል ብዬ ዘለልኩት። ሴትየዋ ግን ስለ ምድጃው የጻፉት ቦታ ስደርስ ብድግ አሉ። «ይቺ ሴት ታውቃለች! አርባ ዓመት ሙሉ ጭስ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም!»

አሁን ማዕድ ቀርቤያለሁ። ቦታዬ መስኮቱ አጠገብ ነው፣ መስኮቱም ክፍት ነው፣ ቢሆንም ማዕድ ማዕድ ነው። ይባስ ብለው ልብሴን ራሳቸው ይዘፈዝፉት ጀምረዋል። «አንተ ኮምጣጤ ትሰስታለህ» ይሉኛል።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። አንደኛ ቦት ጫማዬ፤ ሳወልቀው ክፍሉ ውስጥ ሦስተኛ ሰው የገባ ይመስላል። ሁለተኛ ናሁም የሚባል ጠላቂ ጓደኛ አለኝ። ውሃው እንደ በረዶ ስለሆነ፣ ይቅርታዎን ይሁንና፣ እንዲሞቀው ብሎ የጎማ ልብሱ ውስጥ ይሸናል። ሁሉም ጠላቂ እንደዚያው ነው ይላል። ሚስቱ ልብሱን ከቤት አስወጥታዋለች፤ እሱንም ልታስከትል ነው።

ኤልመር



ቺምቦቴ
ሜይ 12 ቀን 2001

ለልጄ ለኤልመር

ሰላምታዬ ላንተም፣ መስኮት አጠገብም ቢሆን ላስቀመጠችህ ሴትም ይድረስ። አከራይህ ልባም ናት። እንዳታስቀይማት።

ቦቱን በደረቀ ጋዜጣ ጠቅጥቀህ አሳድረው። ጠዋት ጋዜጣውን ጥለህ ሶዳ ነስንስበት፤ የከሰል ስባሪ በአሮጌ ካልሲ ቋጥሮ መክተትም ይሆናል። ከተቻለህ ሁለት ጥንድ ይኑርህ፣ እርጥብ ቦት ያጠለቀ እግር ራሱ ይበሰብሳል። ጓደኛህን እንዲህ በለው፦ ከባሕሩ ከመውጣቱ በፊት አንገቱን ሳብ አድርጎ ንጹሕ የባሕር ውሃ ያስገባበት። ቤት ሲገባ በኮምጣጤ ውሃ ነክሮ፣ ገልብጦ፣ ጥላ ላይ ይስቀለው። ፀሐይ ጎማ ይሰነጥቃል። ሚስቱንም በርታ ብሎ ይለምናት።

ሜልቾራ አልሄደችም። ሌሊት ጣሪያው ላይ ይራመዳል ትላለች። «ድመት ነው» እላታለሁ። «ድመት ቦት ያደርጋል? ወንድሜ ነው፣ መውጫ አጥቶ ነው!» ትለኛለች። ለጎረቤት ደግሞ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች፤ የከተማውን ልብስ ሁሉ ታነጻለች፣ የባሏን ታስገማለች» ብላ አወራችብኝ። አልፈርድባትም። ወንድሟ ነው።

ባለፈው ሳምንት የታጠበ ልብስ አድርሼ ስመለስ ጃኬቱ ከሚስማሩ ላይ የለም። ሮጥኩ። ጓሮ ሳፋው ውስጥ ነበር፣ ደረቅ፤ ሜልቾራ ባልዲውን ስታነሳ ደረስኩ። የጎረቤቷን ልጅ ልታሳጥበው አቁማታለች። አልተሰዳደብንም። እኔ አንዱን እጅጌ ያዝኩ፣ እሷ ሌላውን። ሁለት አሮጊቶች! ብብቱ ተተረተረ። መጀመሪያ የለቀቀችው እሷ ናት፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። እኔ ጃኬቱን መልሼ ሰቀልኩት።

አሁን የምጠይቅህ እኔ ነኝ። ሽታው እየሳሳ ነው። ቀድሞ በሩን ስከፍት ይመጣልኝ ነበር፤ አሁን ኮሌታው ድረስ መጠጋት አለብኝ። ሠላሳ ዓመት ሽታ ሳስወጣ ኖሬ እንዴት እንደሚቀመጥ አላውቅም። መረቦቻችሁ ሽታውን ይህን ያህል ዓመት የሚይዙት እንዴት ነው? የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቅልኝ። ለምን እንደፈለግኸው መናገር የለብህም።

አክስትህ ኦቲሊያ



ኬዮን
ሜይ 31 ቀን 2001

ለተከበሩ አክስቴ

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስ። እንዳዘዙኝ አለቃችንን ዶን ኤላዲዮን ጠየቅኩ። «ሽታ እንዴት ይቀመጣል?» ስላቸው ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። «እዚህ አገር የሽታ እጥረት ገባ እንዴ?» አሉና ሳቁ፤ ሌሎቹም እስከ ምሳ ድረስ ሲቀልዱብኝ ዋሉ። ከዚያ ግን ቀስ ብለው ነገሩኝ። ሽታ የሚሄደው በነፋስ፣ በሙቀትና በእጅ ነው። መረብ የሚሸተው ተጠቅልሎ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ብርድ ላይ ስለሚቀመጥ ነው። በወፍራም ላስቲክ ከረጢት አስሮ፣ ማንም ሳይከፍተው ብርድ ቦታ ያኖረ ሰው ለዓመታት ያገኘዋል አሉ።

ቺምቦቴ ሞቃት ነው፣ ቤትዎም ሰው አለበት። የኔ ክፍል ግን ከዓሣ ማቀዝቀዣ አይሻልም፤ ጠዋት ስነሳ ትንፋሼ ይታየኛል። ይላኩልኝ። አልጋዬ ሥር አኖረዋለሁ። አጎቴ ሲመለሱ በፖስታ እመልሰዋለሁ።

ናሁምን ሚስቱ ታርቃዋለች። እጅዎን ይስማል።

ኤልመር



ቺምቦቴ
ጁን 18 ቀን 2001

ለልጄ ለኤልመር

ጤና ይብዛልህ። «ሲመለሱ» ብለህ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። እዚህ እንደዚያ የሚል ሰው አልቀረም።

ጃኬቱን ዛሬ ፖስታ ቤት ሰጥቻለሁ። በሁለት ከረጢት ነው ያሰርኩት። ከማሰሬ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ አሸተትኩት፣ ምን ምን እንዳለበትም ላንተ ልጻፍልህ፤ ከጠፋ የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ይኑር። ከላይ ናፍጣ ነው። ቀጥሎ የፔሪኮ ጉበት፣ ቅባት ቅባት የሚለው። ገበሩ ላይ ያ ርካሽ ትምባሆው አለ። ባሕሩ ሲያናውጠው የሚያሸተው የብርቱካን ልጣጭ ስለነበር ኪሱ ብርቱካን ብርቱካን ይላል። ኮሌታው ግን ራሱ ነው፣ እሱ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

አትክፈተው። ሜልቾራን «ሸጥኩት» አልኳት። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለችኝና ሻንጣዋን ይዛ ወደ አገሯ ወጣች። ቤቱ ጸጥ አለ። እውነቱን ልንገርህ፣ እሷም ናፈቀችኝ።

አክስትህ ኦቲሊያ



ኬዮን
ጁላይ 8 ቀን 2001

ለተከበሩ አክስቴ

እንደምን ከረሙ? ለዛሬ አጭር ነው፣ ይለፉኝ። ጃኬቱ በሰላም ደርሷል። አልከፈትኩትም፤ ከአልጋዬ ሥር ግድግዳው ድረስ ገፍቼ አስቀምጬዋለሁ። ዶኛ ኦርፌሊና «ምንድነው የመጣልህ?» አሉኝ፤ «የሥራ ጃኬት» አልኳቸው። ውሸት አይደለም። ነገ እዚህ ዙሪያ ያሉ ትናንሽ ደሴቶች ላይ መረብ ልንቀይር እንሄዳለን፣ ሳምንታት እንቆያለን። እዚያ ፖስታ የለም።

ኤልመር



ቺምቦቴ
ኦገስት 12 ቀን 2001

ለልጄ ለኤልመር

ከደሴቶቹ በደህና እንደተመለስክ አምናለሁ። አትክፈተው ብዬህ ነበር፤ አሁን አንድ ጊዜ ክፈተው። ቶሎ ክፈት፣ አሽተት፣ ቶሎ እሰረው። እንዳለ መሆኑን ብቻ ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አክስትህ



ቺምቦቴ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 2001

ኤልመር፣

ደህና ነህ? ፖስተኛው በዚህ መንገድ ማለፉን አላቆመም። ለእናትህም ደወልኩ፤ ጤነኛ ነው አለችኝ። ጤነኛ ከሆንክ ለምን እንደማትጽፍ አስቤ ደርሼበታለሁ፤ ግን ካንተ ልስማው።

ኦቲሊያ



ኬዮን
ሴፕቴምበር 23 ቀን 2001

ለተከበሩ አክስቴ ለዶኛ ኦቲሊያ

ሰላምታ ለመስጠት ፊት የለኝም፣ ግን ሰላም ይሁንልዎ። ይህን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ጃኬቱ ታጥቧል።

በኦገስት መጀመሪያ ከደሴቶቹ ስመለስ ዶኛ ኦርፌሊና አጥሩ ድረስ ወጥተው ጠበቁኝ። ፊታቸው በርቷል። «ና! ና አፍንጫህን ክተትበት!» እያሉ እጄን ይዘው አስገቡኝ። ጃኬቱ በወንበር ጀርባ ላይ ተዘርግቷል። ክፍሌን ሊያጸዱ ገብተው ከረጢቱን አልጋ ሥር አገኙት። የሥራ ጃኬት ነው ብያቸው ነበርና፣ ሽታው አሳፍሮኝ የደበቅኩት መሰላቸው። «አንተ ሞኝ፣ ይኼን ያህል ዓመት የገማ ልብስ አይቼ አላውቅም! ሦስቴ ኮምጣጤ ቀየርኩለት። ገልብጬ፣ በሶዳ አሽቼ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ አክስትህ እንዳለችው፣ አንድም አልዘለልኩም። ብብቱም ተተርትሮ ነበር፣ ሰፋሁልህ» አሉኝ።

አፍንጫዬን ከተትኩበት። ናፍጣው የለም። ጉበቱ የለም። ትምባሆው የለም። ኮሌታውን እርስዎ እንደጻፉት ብዬ ለብቻው አሸተትኩት። ሳሙናና ነፋስ ብቻ ነው። ከኪሱ ያገኙትን የብርቱካን ልጣጭ ስኒ ማስቀመጫ ላይ አኑረውልኛል። እንደ እንጨት ደርቋል፤ ሰብሬ አየሁት፣ እሱም አይሸትም።

ያን ቀን ምንም አልነገርኳቸውም፣ አመሰግናለሁ አልኩ። ከዚያ የእርስዎ ሁለት ደብዳቤዎች ተከታትለው መጡ። ሁለተኛው ሲደርሰኝ ከመጀመሪያው ደብዳቤዎ የዘለልኩትን አውጥቼ አነበብኩላቸው። ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። «የሰው ባል ነው ያጠብኩት?» አሉ። ምድጃው ጠፋ፣ እንጨት አልጨመሩም፣ እኔም አልጨመርኩም። በማግስቱ ይህን ጻፍልኝ ብለው አዘዙኝ፤ ቃል በቃል እነሆ።

«እህቴ፣ አንቺ ልበልሽ። አላወቅኩም። ይኼ ልጅ የአጠባውን አንብቦ የሰውየውን ዘለለብኝ። ባውቅ እጄ አይነካውም ነበር። የኔም ወንድም እዚሁ ባሕር ውስጥ ነው ያለው፤ ከሱ የቀረኝ ሹራብ ነበር፣ ድመት ወልዳበት ጣልነው። ስደቢኝ ከፈለግሽ፣ መነጽሬን አሠርቻለሁ፣ ራሴ አነበዋለሁ። አንድ ነገር ግን ስሚኝ፤ ሳጥበው ክፉ አላሰብኩም። ሠርቶ የሚገባ ሰው ልብስ ነው፣ ንጹሕ ለብሶ ይሙቀው እያልኩ ነው ያጠብኩት። ኦርፌሊና ነኝ።»

ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሳቸው አይደለም። ለመጻፍ ፈርቼ ነበር፤ እርስዎን ማጣት ፈርቼ።

ኤልመር



ቺምቦቴ
ኦክቶበር 14 ቀን 2001

ለልጄ ለኤልመር

ደብዳቤህን በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። የፋብሪካ ልብስ ዘፍዝፌ ስለነበር ሄጄ ሥራዬን ቀጠልኩ። እዚያው ሳፋው ላይ አለቀስኩ፤ እንባዬ ውሃው ውስጥ ገባ፣ ግን የባዳ ልብስ ስለነበር ችግር የለውም። በጣም ተናድጄብህ ነበር። አሁንም ትንሽ አለ። ጃኬቱን እዚህ አምጥተህ ፊቴ ብትቆም በእርጥብ ፎጣ እገርፍህ ነበር።

ለዶኛ ኦርፌሊና ይህን ንገራት። አልሰድባትም። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ የኮሌታው ውስጠኛ ስፌት ላይ ያለው እድፍም ለቀቀላት? እሱ አስቸጋሪ ነው፣ እኔም ብዙ ጊዜ ያቅተኛል። እሱን ካስለቀቀች እጇ ከኔ እጅ አያንስም።

ለሜልቾራ ደወልኩላት። ሸጥኩት ያልኳት ውሸት እንደነበር፣ ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን «ባዳ ናት?» አለችኝ። ባዳ ናት። «አላለቀሰችም?» አላለቀሰችም፣ ስለሱ ምንም አታውቅም ነበር። «በደግ ልብ ነው ያጠበችው?» በደግ ልብ፣ ይሙቀው ብላ። «እንግዲያውስ በሥርዓቱ ታጥቧል» አለችኝ። ከዚያ እኔ ማርች ላይ የጠየቅኳትን መልሳ ጠየቀችኝ፤ ቀኑ መቼ ነው?

ልጄ፣ ካጠቃኝ ነገር ሁሉ የከፋው ይኼ ነበር። ሌላዋ ሴት ባሏ የሞተበትን ቀን ታውቃለች፤ በዓመቱ ቅዳሴ ታስቀድሳለች፣ በማግስቱ ሥራዋን ትሠራለች። እኔን ቄሱ «መቼ እናድርግልሽ?» ሲሉኝ ቀን የለኝም እያልኩ እመለሳለሁ። ጃንዋሪም ፌብሩዋሪም ሁሉም ቀን የሱ ሆነብኝ። ስመለስ እለብሰዋለሁ አለኝ፣ ጠበቅኩት። አልተመለሰም። ይህን ቃል «እስካሁን» ሳልልበት በእጄ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። ግሪማልዶ አልተመለሰም።

ጃኬቱን አትላከው። አንተ ልበሰው፤ መረብ ቤት ይዘኸው ግባ፣ ይግማ። እንዴት እንደሚታጠብ ታውቃለህ፣ ብትረሳ አከራይህ አለች። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዶኛ ኦርፌሊናን ጠይቅልኝ፣ ያጠበችው በየትኛው ቀን ነበር? አስባ፣ አስታውሳ፣ ትክክለኛውን ትንገረኝ። ለቄሱ እሰጣቸዋለሁ።

ቅዱስ ጴጥሮስ ይጠብቅህ፣ እሷንም።

አክስትህ ኦቲሊያ



ኬዮን
ኦክቶበር 30 ቀን 2001

ለተከበሩ አክስቴ ለዶኛ ኦቲሊያ

እግዜር ያጽናዎ። አሁን ልለው ቻልኩ።

ዶኛ ኦርፌሊና ማሰብ እንኳ አላስፈለጋቸውም። ማክሰኞ፣ ጁላይ 24፣ የቅዱስ ያዕቆብ ዋዜማ ነው። ለበዓሉ ድንች ሲልጡ እየተነሱ ውሃውን ያዩ ስለነበር አይረሱትም፤ ውሃው የጠራው ያን ቀን ነው። የኮሌታው ውስጠኛ ስፌት እድፍም ለቋል፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው ያስለቀቁት፣ ይህን ንገራት ብለውኛል።

ጃኬቱን ለብሼ ነው የምጽፈው። እጅጌው ትንሽ ይረዝመኛል፣ አጥፌዋለሁ፣ ይሞቃል። ያን ቀን ከባሕሩ በኩል የነፈሰውን ዓይነት ነፋስ ዶኛ ኦርፌሊና በዝናቡ ወር በጁላይ አይተው እንደማያውቁ ይናገራሉ። ጠዋት አሰጡት፣ ሳይመሽ ደረቀ።

ልጅዎ
ኤልመር